በአንድ ክንፍ የተመዘገበው የነጭ ሳር ወፍና ፈላጊዎቹ

በአርባ ምንጭ ከተማ በስተምሥራቅ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል የሚገኘው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ በአብዛኛው ሰው ዘንድ የሚታወቀው በአዞ ገበያው፣ በሜዳ አህዮቹና ለከተማዋ ስያሜ ምክንያት በሆኑት ምንጮች ነው። በዓለም ዙሪያ በሚገኙ የአዕዋፍ ተመራማሪዎችና ወፍ ተመልካቾች ዘንድ ግን የፓርኩን ስም በተደጋጋሚ የሚያስነሣው ሌላ ጉዳይ ነው። ይኸውም በ1982 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በፓርኩ ሜዳ ሞቶ ከተገኘ በኋላ፣ ከአንድ ክንፍ በስተቀር ለማስረጃነት የሚቀርብ ሌላ አካሉ በተመራማሪዎች እጅ ያልገባ የአንድ ወፍ ጉዳይ ነው።

ወፉ በእንግሊዝኛ ናይትጃር ከሚባለው ወገን ነው። በአማርኛ «የሌሊት ወፍ» የሚለው መጠሪያ ግልገሏን ጡት ለምታጠባው፣ ክንፏ ላባ ለሌለው እንስሳ ቀድሞ የተሰጠ በመሆኑ ይህን ወገን በዚያ ስም መጥራት ያሳስታል። ናይትጃር ላባ ያለው፣ እንቁላል የሚጥል እውነተኛ ወፍ ነው። ቀን ቀን በደረቅ ቅጠል፣ በድንጋይና በአፈር መካከል ተኝቶ ይውላል። መልኩ ከአፈሩና ከቅጠሉ ጋር ፈጽሞ ስለሚመሳሰል ሰው ሊረግጠው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከስፍራው አይነሣም። ጀምበር ስትጠልቅ ይነሣና ሰፊ አፉን ከፍቶ የእሳት እራትና ሌሎች በራሪ ነፍሳትን በአየር ላይ እያደነ ይመገባል። ጎጆ አይሠራም፤ እንቁላሉን የሚጥለው በባዶ መሬት ላይ ነው። በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆኑም፣ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚያልፉም በርካታ የናይትጃር ዝርያዎች ይገኛሉ።

የዚህ ወገን ወፎች አንድ ልማድ በነጭ ሳር ለተፈጠረው ታሪክ ምክንያት ሆኗል። ምሽት ላይ በአፈር መንገድ ላይ መቀመጥ ይወዳሉ። መንገዱ ገላጣ በመሆኑ የሚበርሩ ነፍሳትን ከዚያ ሆኖ ለማየት ይመቻል። የተሽከርካሪ መብራት ሲያርፍባቸው ዓይናቸው እንደ ፍም ያበራል፤ ወፉም ለመነሣት ስለሚዘገይ ብዙ ጊዜ በጎማ ሥር ይቀራል። በዚህም የተነሣ ስለ ናይትጃሮች ከሚታወቀው ነገር ጥቂት የማይባለው የተገኘው በመንገድ ላይ ከሞቱት ነው።

ለጉዳዩ መነሻ የሆነው ጥናት የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1990 ነበር። በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያሰማራው የተመራማሪዎች ቡድን በወቅቱ ከነበረው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ጋር በመተባበር የፓርኩን የብዝኃ ሕይወት ሀብት ለመመዝገብ ወደ ነጭ ሳር መጣ። ጊዜው በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጦርነት የተፋፋመበት፣ የመስክ ጥናት ማካሄድም ቀላል ያልነበረበት ነው። ቡድኑ በቆይታው 315 የአዕዋፍ፣ 61 የአጥቢ እንስሳትና 69 የቢራቢሮ ዝርያዎችን መዝግቧል። ይህ መዝገብ ከዚያ ወዲህ በፓርኩ ላይ ለተጻፉ በርካታ ሰነዶች መነሻ ሆኖ አገልግሏል፤ በሚገባው መጠን የማይወሳውም አንዲት ክንፍ ስለጋረደችው ነው ለማለት ይቻላል።

በሜዳው ላይ በሚያልፈው የተሽከርካሪ መንገድ ሞቶ የተገኘው ወፍ አካሉ በስብሶ ስለነበር ሙሉ ናሙና አድርጎ ለማቆየት አልተቻለም። ተመራማሪዎቹ ክንፉን ብቻ ወስደው አቆዩት። ክንፉ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በትሪንግ ከተማ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ከተከማቹት የናይትጃር ናሙናዎች ጋር ሲነጻጸር፣ በመጠኑ፣ በቀለሙና በረጃጅሞቹ ላባዎች ላይ ባለው ሰፊ ነጣ ያለ ምልክት ከሚታወቁት ዝርያዎች ከአንዱም ጋር የሚገጥም ሆኖ አልተገኘም። ከአምስት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ሮጀር ሳፎርድ፣ ጆን አሽ፣ ዊል ዳክዋርዝ፣ ማርክ ቴልፈርና ኢትዮጵያዊው ጨመረ ዘውዴ «አይቢስ» በተባለው የአዕዋፍ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ወፉ አዲስ ዝርያ መሆኑን አስታወቁ። ሳይንሳዊ ስሙም ካፕሪሙልገስ ሶላላ ተባለ። «ሶላላ» የሚለው ቃል በላቲን ቋንቋ «ብቸኛ» እና «ክንፍ» የሚሉትን ሁለት ቃላት በማጣመር የተገኘ ነው።

ከጸሐፊዎቹ አንዱ የሆኑት ጆን አሽ ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ለዓመታት ሲሠሩ የቆዩና በአንኮበር ገደላማ ስፍራዎች የምትኖረውን ትንሽ ዘር በል ወፍ እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ ያስተዋወቁ ባለሙያ ነበሩ። የኢትዮጵያንና የኤርትራን አዕዋፍ ስርጭት የሚያሳየውን መጽሐፍም ከጆን አትኪንስ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። በመሆኑም ክንፉ ለአዲስ ዝርያ መጠሪያ እንዲሆን የቀረበው የአገሪቱን አዕዋፍ በማያውቁ ሰዎች አልነበረም።

አንድን ዝርያ በአንድ ክንፍ ብቻ መሰየም ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የእንስሳት ስያሜን የሚመራው ዓለም አቀፍ ደንብ የእንስሳው አካል ክፋይ ለስም መሠረት እንዲሆን ይፈቅዳል። ደንቡ የሚጠይቀው ናሙናው በታወቀ ተቋም እንዲቀመጥና ማንም ተመራማሪ ቀርቦ ሊመረምረው እንዲችል ነው። ሆኖም ደንቡ መፍቀዱ አንድ ነገር ሲሆን፣ ወፉ የት እንደሚኖር፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደሚራባ ማወቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አንድ ክንፍ እነዚህን አይናገርም። ወንድ ወይም ሴት መሆኑን እንኳ በእርግጠኝነት ለመለየት ያስቸግራል፤ በዚህ ወገን በበርካታ ዝርያዎች ዘንድ የወንዱና የሴቷ የክንፍ ምልክት የተለያየ ነውና።

ከሁሉም በላይ ፈላጊዎችን ያስቸገረው የድምፁ አለመታወቅ ነው። ናይትጃሮች በመልክ እጅግ ስለሚቀራረቡ ባለሙያ የሚለያቸው ከመልክ ይልቅ በድምፅ ነው። አንዱ ያፏጫል፣ ሌላው እንደ ሞተር ያጉረመርማል፣ ሌላው ደጋግሞ ይጮኻል። ብርቅዬ ወፍ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ በሜዳው ላይ ያሰማና ወፉ ምላሽ እስኪሰጥ ይጠብቃል። የሞተ ወፍ ክንፍ ግን ድምፅ የለውም። ስለዚህ የነጭ ሳሩን ወፍ የሚፈልግ ሰው በጨለማ፣ በበረራ ላይ፣ በመብራት ብልጭታ የክንፍ ምልክት ለማየት ከመሞከር በስተቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። ይህ ደግሞ ከሴኮንዶች የማይበልጥ ጊዜ የሚሰጥ ነው።

ከተካሄዱት ፍለጋዎች ሁሉ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ2009 (በ2001 ዓ.ም.) አራት ሰዎች ያደረጉት ነው። እነርሱም በአፍሪካ አዕዋፍ ላይ በርካታ መጻሕፍት ያዘጋጁት ኢያን ሲንክሌር፣ የደቡብ አፍሪካው አርኪቴክት ቨርነን ሄድ፣ ጄሪ ኒኮልስና ዴኒስ ዊር ናቸው። ቡድኑ በነጭ ሳር ሜዳ ላይ በሌሊት በመብራት ሲፈልግ ቆይቶ ከክንፉ ጋር የሚመሳሰል ምልክት ያለው ናይትጃር ማየቱን አስታውቋል። ዜናው በወፍ ተመልካቾች ዘንድ ከፍተኛ ትኩረት አገኘ። ቨርነን ሄድም ጉዞውን መሠረት አድርገው በዓለም እጅግ ብርቅዬ የሆነውን ወፍ ስለመፈለግ የሚተርክ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2014 አሳተሙ። መጽሐፉ የነጭ ሳርንና የአርባ ምንጭን ስም ስለ ኢትዮጵያ ፓርኮች ሰምተው ለማያውቁ አንባቢዎች ጭምር አድርሷል።

ይሁንና ቡድኑ ወፉን አልያዘም። ላባም ሆነ ደም ለምርመራ አልቀረበም። በሳይንስ አሠራር ልምድ ያላቸው አራት ሰዎች የሰጡት ምስክርነት ክብደት ቢኖረውም፣ በቤተ መዘክር ካለው ክንፍ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚነጻጸር ማስረጃ ግን አይደለም። በዚህ ረገድ የሳይንስ አሠራር ከአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት አሠራር ብዙም አይርቅም፤ የሚታመን ሰው የተናገረው ቃልና በፋይል የተያያዘ ሰነድ እኩል አይታዩም።

የማስረጃው ማነስ ያስነሣቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ወፉ የነጭ ሳር ነዋሪ ነበር ወይስ አላፊ እንግዳ የሚለው ነው። በአዕዋፍ ዓለም መንገድ ስቶ፣ በንፋስ ተገፍቶ ወይም በወቅታዊ ጉዞው ላይ አቅጣጫ አጥቶ ከመኖሪያው ርቆ የሚገኝ ወፍ ብዙ ነው። ወፍ ተመልካቾች እንዲህ ያለውን እንግዳ ለማየት ረጅም መንገድ የሚጓዙትም ነገ ከስፍራው ሊታጣ እንደሚችል ስለሚያውቁ ነው። የነጭ ሳሩ ወፍ በተገኘበት ስፍራ መሞቱ እርግጥ ነው፤ በዚያ ስለመወለዱና ስለመኖሩ ግን ክንፉ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ ጠንከር ያለ ነው። ክንፉ የራሱን ዝርያ የሚወክል ሳይሆን የሁለት የታወቁ ዝርያዎች ዲቃላ ቢሆንስ የሚል ነው። ዲቃላ ወፍ ከእናቱም ከአባቱም የተለየ ምልክት ሊኖረው ስለሚችል በላባ ንጽጽር ብቻ አዲስ ዝርያ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990 ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ በቀላሉ አይገኝም ነበር። ዛሬ ከአንዲት ቅንጣት የደረቀ ቆዳ የዘረመል መረጃ ማውጣት የተለመደ ሥራ ሆኗል። በመሆኑም ፍለጋው ከሜዳው ባሻገር ወደ ቤተ ሙከራ የሚዘልቅ ነው።

የዘረመል ምርመራ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከጎረቤት አገር የተገኘ ምሳሌ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1988 በሶማሊያ ቡሎ ቡርቲ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ግቢ ከዚያ በፊት ያልታየ መልክ ያለው ወፍ ተገኘ። ተመራማሪዎች ወፉን አልገደሉትም። ደምና ላባ ወስደው፣ ካጠኑት በኋላ መልሰው ለቀቁት፤ እ.ኤ.አ. በ1991ም አዲስ ዝርያ መሆኑን አስታወቁ። ጉዳዩ በዚያን ጊዜ ከፍተኛ ክርክር አስነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን ወፉ በአካባቢው ከሚታወቅ ዝርያ የቀለም ልዩነት ብቻ ያለው መሆኑን አመለከተ። አሥራ ሰባት ዓመት ያህል በዝርዝር ውስጥ የቆየ ስም በዚህ ሁኔታ ተሰረዘ። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ስህተቱ ሊታረም የቻለው ናሙናው ተጠብቆ በመቆየቱ መሆኑ ነው።

በተቃራኒው ተጠራጣሪዎችን ያሳፈሩ ወፎችም አሉ። ለዚህም የደቡብ ኢትዮጵያው የሩስፖሊ ቱራኮ ተጠቃሽ ነው። ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በአገራችን ደቡባዊ ክፍል ሲጓዙ ይህን አረንጓዴና ቀይ ላባ ያለው ወፍ ይዘው ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደላቸው። ወፉ ከዕቃቸው መካከል ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1896 ስም ቢሰጠውም፣ ከየትኛው ደን እንደተያዘ የሚገልጽ ማስታወሻ አልነበረም። መኖሪያው የታወቀው ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። የሩስፖሊ ቱራኮ ሙሉ አካሉ ተገኝቶ አድራሻው ሲጠፋ፣ የነጭ ሳሩ ወፍ ደግሞ አድራሻው ታውቆ አካሉ የጠፋ ነው። በኮንጎ የኢቶምብዌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1955 የተያዘ አንድ ናይትጃርም እንዲሁ ለረጅም ዘመን በአንድ ናሙና ብቻ ሲታወቅ ኖሯል።

ለአስተዳደርና ለልማት መሥሪያ ቤቶች ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የሕንዱ ነው። በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት የሚኖርና በሌሊት የሚንቀሳቀስ የጀርደን ኮርሰር የተባለ ወፍ ከ1900 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለመታየቱ ጠፍቷል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ወፉ የተገኘው በተመራማሪዎች መነጽር ሳይሆን በአካባቢው ወፍ አጥማጅ እጅ ነው። አጥማጁ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ይዞት መጣ። ከዚያ በኋላ መኖሪያው የተከለለ ስፍራ ተደረገ፤ በኋላም በአካባቢው ሊያልፍ የነበረ ትልቅ የመስኖ ቦይ የወፉን መኖሪያ እንዳያቋርጥ አቅጣጫው እንዲለወጥ ተደርጓል። ቦዩ አልቀረም፤ መስመሩ ብቻ ተለወጠ። ይህ ሊሆን የቻለው የወፉ መኖር በማስረጃ የተረጋገጠና መኖሪያው በካርታ ላይ የሰፈረ በመሆኑ ነው።

በነጭ ሳር ሁኔታው ከዚህ ይለያል። ፓርኩ በ1966 ዓ.ም. ሲቋቋም 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት የተሰጠው ሲሆን፣ ዋነኛ ዓላማውም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን የስዋይን ቆርኬ መጠበቅ ነበር። ስሙን ያገኘው በበጋ ነጭ መስሎ ከሚታየው የሜዳው ሣር ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሜዳው የሚወስደው መንገድ ሁለቱን ሐይቆች የሚለየውን የእግዜር ድልድይ የተባለ ኮረብታማ ምድር አቋርጦ የሚያልፍ አስቸጋሪ መንገድ ነው። በስተምሥራቅ የሰርመሌ ወንዝና የአማሮ ተራሮች ያዋስኑታል። በሜዳውና በዙሪያው የጉጂና የኮሬ ማኅበረሰቦች ከብት ያሰማራሉ፣ ያርሳሉም።

የፓርኩ አስተዳደር ከነዋሪዎቹ ጋር ያለው ጉዳይ ለብዙ ዓመታት እልባት ሳያገኝ ቆይቷል። በ1996 ዓ.ም. የፓርኩን አስተዳደር በውል ተረክቦ የነበረው አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት በ2000 ዓ.ም. ሥራውን አቋርጦ ሲወጣ ከምክንያቶቹ ዋነኛው ይኸው የሰፈራ ጉዳይ ነበር። በእነዚህ ዓመታት የስዋይን ቆርኬ በፓርኩ ውስጥ ቁጥሩ እጅግ ተመናመነ። በሣር ሜዳው ላይ ቁጥቋጦ መስፋፋቱንም በየጊዜው የተካሄዱ ጥናቶች አመልክተዋል። የሣር ሜዳ ከመጠን በላይ ሲጋጥና በአግባቡ ሳይቃጠል ሲቀር እሾሃማ ቁጥቋጦ ቦታውን ይይዛል፤ ቁጥቋጦው ከተስፋፋ በኋላ ወደ ሜዳነት ለመመለስ ከፍተኛ ጉልበትና ገንዘብ ይጠይቃል። የመሬት ላይ ወፎች፣ ናይትጃሮችን ጨምሮ፣ እንዲህ ያለውን ለውጥ ከሰው ቀድመው ይረዱታል። በነገሌ አቅራቢያ በሚገኘው የሊበን ሜዳ የምትኖረው የሊበን ዘማሪ ወፍም ለመጥፋት የተቃረበችው በተመሳሳይ ሁኔታ የሣር ሜዳው ስለጠበበባት ነው።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የነጭ ሳሩን ናይትጃር ለረጅም ዓመታት ለአደጋ ከተጋለጡት ዝርያዎች መካከል መዝግቦት ቆይቷል። ይህ ምዝገባ የተደረገው ሕያው ወፍ ተቆጥሮ ሳይሆን፣ የሚታወቀው ብቸኛ ስፍራ ያለበት ሁኔታ ታይቶ ነው። ስለዚህ ክንፉ የዲቃላ ቢሆን ምዝገባው መሠረት ያጣል፤ የሣር ሜዳው መጥበብ ግን በዚያ የሚቀር አይሆንም። ሁለቱን ጉዳዮች ማደባለቅ ለፓርኩ ጥበቃ አይበጅም። የጥበቃው ክርክር በአንድ ክንፍ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ ክንፉ የወደቀ ዕለት ክርክሩም አብሮ ይወድቃል። 315 የአዕዋፍ ዝርያ የተመዘገበበት ስፍራ ደግሞ ለክርክር የሚያንሰው ነገር የለም።

ወፍ ተመልካቾቹ ለአካባቢው የሚያመጡትም ጥቅም በዚህ መልክ ሊታይ የሚገባው ነው። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች የሚገኙ ሲሆን፣ ከእነዚህም በሌላ አገር የማይታዩ ስላሉባቸው አገሪቱ በወፍ ተመልካቾች ዘንድ ተፈላጊ ናት። እንዲህ ያለው ጎብኚ ከተራው ጎብኚ የተለየ ጠባይ አለው። ሌሎች በሚተኙበት ሰዓት ይወጣል፤ ለአንዲት ወፍ ሲል በአንድ ስፍራ ቀናት ይቆያል፤ አስጎብኚ፣ ጠባቂና ጥሩ መኪና ይፈልጋል። ናይትጃር የሚፈልገው ደግሞ በግድ በሌሊት መንቀሳቀስ አለበት። የሌሊት ጉዞ ግን በፓርክ ውስጥ የጸጥታም፣ የእንስሳት ደኅንነትም ጥያቄ ስለሚያስነሣ ያለ ፈቃድና ያለ ስካውት የሚደረግ አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ ናይትጃር ለማየት በሌሊት የሚነዳ መኪና ናይትጃር የሚገድል መኪና ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ወፍ የሞተው በመንገድ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ፍጥነትን መቀነስና መብራት ያረፈበት ወፍ እስኪነሣ መቆም ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ፈላጊ ወፉን ቢያገኝ ምን ማድረግ ይገባዋል የሚለው በቀጥታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የሚመለከት ጥያቄ ነው። ፎቶግራፍ ማንሣትና ድምፅ መቅዳት ወፉን ሳይነኩ የሚደረጉ በመሆናቸው ቀዳሚዎቹ ናቸው። ወፉን በመረብ መያዝ፣ ላባ መንቀል ወይም ደም መውሰድ ግን የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። ናሙናው ከአገር የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሕግ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ መሆኑን ደንግጎ፣ ማንኛውም ሰው ይህን ሀብት ለማግኘት ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል። በ1982 ዓ.ም. ክንፉ ሲወሰድ እንዲህ ያለ አዋጅ አልነበረም። ዛሬ ተመሳሳይ ናሙና ቢገኝ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ባለሥልጣኑና የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት እያንዳንዳቸው ድርሻ ይኖራቸዋል። በስብሶ የተገኘ ወፍ በሞቃት ስፍራ ብዙ ቀን አይቆይም፤ ደብዳቤ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ናሙናው ሊጠፋ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ድንገተኛ ግኝት ማን ያነሣል፣ በምን ያቆያል፣ ለማን ያስታውቃል የሚለው አስቀድሞ የተወሰነ ቢሆን ሁሉንም ወገን ይጠቅማል።

የሚጠይቀው መሣሪያም ውድ አይደለም። ጥቂት ላባ ለማቆየት ንጹሕ የወረቀት ኤንቬሎፕ፣ ቁራጭ ሥጋ ለማቆየት ደግሞ አልኮል ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ይበቃል። ቀን፣ ሰዓትና ስፍራ የሚሞላበት ወረቀት ከናሙናው ጋር መያያዝ አለበት፤ በሩስፖሊ ቱራኮ የጠፋው ይኸው ወረቀት ነበር። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የብዝኃ ሕይወት ትምህርት መስጠቱ፣ ከፓርኩ በር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ መሆኑም ለዚህ ሥራ አመቺ ነው።

ከሌላው ሁሉ በበለጠ ዕድል ያላቸው ግን በሜዳው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። የውጭ አገር ወፍ ተመልካች በነጭ ሳር የሚያሳልፈው ቢበዛ ጥቂት ሌሊት ነው። እረኛውና የፓርኩ ስካውት ግን ዓመቱን በሙሉ፣ ከክረምት እስከ በጋ፣ ጨረቃ ባለችበትም በሌለችበትም ሌሊት በዚያው ናቸው። ናይትጃሮች አብዝተው የሚጮኹት በጨረቃ ብርሃንና በመራቢያ ወቅታቸው መሆኑ ሲታሰብ፣ በተለመዱት ድምፆች መካከል ያልተለመደ ድምፅ ቢሰማ ቀድሞ ሊያስተውለው የሚችለው ይኸው ነዋሪ ነው። ድምፅ ለመቅዳት የሚያስፈልገው መሣሪያ ዛሬ በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ ይገኛል።

ሞቶ የተገኘው ወፍ የታየው በክረምቱ ማብቂያ፣ አራቱ ፈላጊዎች አየን ያሉት ደግሞ በሚያዝያ ወር አካባቢ ነው። በጋሞና በአካባቢው ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንባል፤ አንዱ በበልግ፣ ሌላው በመኸር መግቢያ ነው። ሁለቱም ወቅቶች በራሪ ነፍሳት የሚበዙባቸውና የሜዳው መንገድ በጭቃ ምክንያት ለተሽከርካሪ አስቸጋሪ የሚሆንባቸው ናቸው። አብዛኛው ጎብኚ ደግሞ ወደ ነጭ ሳር የሚመጣው መንገዱ በሚደርቅበት በበጋ ነው።